ሰሃናቸውን የደፉት መንገደኞች

እትዬ ሥርጉት ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። በሕንጻችን የማያውቃቸው የለም። ሊፍት ሲበላሽ ሰው ቀድሞ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። የሕንጻው ቢሮ ስልክ አያነሳም፤ እሳቸው ደግሞ ቢሮው ስልክ እስኪያነሳ ድረስ አይቀመጡም።

በፈረንጆቹ 1987 ከካርቱም በስደት መጥተው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዳውንታውን ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምግብ አዳራሽ ሠሩ። ሰሃን አጣቢ ሆነው ገቡ፣ አስተናጋጅ ሆኑ፣ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ደግሞ ከአስተናጋጅነቱ ጋር የሠራተኞቹ ዩኒየን ተወካይ ነበሩ። ዛሬም ሬስቶራንት ሲገቡ ሜኑ ከማየታቸው በፊት አስተናጋጁ ስንት ጠረጴዛ እንደያዘ ይቆጥራሉ። ልጃቸው ሐሴት ይሄን አመላቸውን አትወደውም።

ባለፈው መስከረም ሐሴትና ወንድሞቿ ተነጋግረው የመርከብ ጉዞ ገዙላቸው። ከቶሮንቶ ወደብ ተነስቶ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ኩቤክ ደርሶ የሚመለስ የአሥር ቀን ክሩዝ፤ ትኬቱ ለሁለት ሰው ነው። ሐሴት ወረቀቱን ስትሰጣቸው፣

«እማዬ፣ ፎር ዋንስ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሌላ ሰው ያስተናግድሽ። ፕሊዝ፣ ማንንም እንዳትጨቃጨቂ» አለቻቸው።

«ካልነኩኝ ማንን እነካለሁ?» አሉ እትዬ ሥርጉት።

ጓደኛቸውን እትዬ ብርቅዬን ይዘው ሊሄዱ ወሰኑ። እትዬ ብርቅዬ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ልብስ ሲሰፉ ኖረው በቅርቡ ሪታየር ያደረጉ፣ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የሚያስፈራቸው ሴት ናቸው። ሬስቶራንት ውስጥ የቀዘቀዘ ሾርባ ቢቀርብላቸው «እኔ እንዲህ ለብ ሲል ነው የምወደው» ይላሉ እንጂ መልሱልኝ አይሉም። ይሄን ታሪክ ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ። እትዬ ሥርጉት ያሳጠሩትን እትዬ ብርቅዬ አስረዝመው ነው የነገሩኝ።

መርከቧ ትንሽ ናት፤ መቶ ስልሳ ያህል መንገደኛ ትይዛለች። አብዛኛው ሰው በዕድሜ የገፋ ነው። ብዙዎቹ በዚህችው መርከብ ከዚህ በፊት ተጉዘዋል፤ ስለዚህ የጎደለውን ወዲያው አወቁት። ድሮ ክፍሉ ጠዋትና ማታ ይጸዳ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ። ድሮ ዳቦው በቅርጫት ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ጠይቀህ አንድ ቁራጭ ይመጣልሃል። ድሮ ያልጠገበ ሰው ሁለተኛ ሰሃን ያዝዝ ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ሰሃን ከቢል ጋር ነው የሚመጣው። ትራስ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ቸኮሌት እንኳ ቀርታለች።

በመጀመሪያው ምሽት አዳራሹ በሙሉ ሲያጉረመርም እትዬ ሥርጉት አፋቸውን አልከፈቱም። ለሐሴት ቃል ገብተዋል።

ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሐሴት ጉዞውን ቡክ ስታደርግ፣ እናቷና ጓደኛቸው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበሉ ቅጹ ላይ ሞልታ ነበር። ኩባንያውም «በደስታ እናዘጋጃለን» ብሎ መልሷል፤ ኢሜይሉን ፕሪንት አድርጋ ቦርሳቸው ውስጥ ከታላቸዋለች። ራት ሰዓት ላይ አስተናጋጃቸው ማሪሴል ሁለት ሰሃን ይዛ መጣች። ማሪሴል አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ከፊሊፒንስ የመጣች፣ ፈጣንና ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። ሰሃኑ ላይ የተቀቀለ ካሮትና የተቀቀለ ብሮኮሊ ነበር። ጨው እንኳ አልነካውም።

«ይቅርታ ማም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልዩ ምግብ የሚሠራው ኩክ ዘንድሮ የለም። ቀንሰውታል።»

እትዬ ብርቅዬ ፈጠን ብለው፣ «ምንም አይደል፣ ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው» አሉና መብላት ጀመሩ።

እትዬ ሥርጉት ግን ዓይናቸው ካሮቱ ላይ አልነበረም። የማሪሴል ቀኝ የእጅ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። ትሪውን የምትሸከመው በግራ እጇ ነው፤ ግራኝ ግን አይደለችም። የእሷን ጠረጴዛዎች ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። እሳቸው በሠሩበት ሆቴል አንድ ሰው ከስድስት በላይ እንዳይይዝ በውል ተጽፎ ነበር። ያንን ስድስት ቁጥር ውሉ ላይ ለማስገባት ሁለት ክረምት በበረዶ ውስጥ ፕላካርድ ይዘው ቆመዋል።

«ምነው አትበዪም?» አሏቸው እትዬ ብርቅዬ።

«ይህቺ ልጅ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራች ነው።»

«ሥርጉት! ሐሴት ምን አለችሽ?»

«ማንንም አልተጨቃጨቅሁም። ቆጠርኩ ብቻ።»

በማግስቱ ግን ነገሩ መጣ። አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ጎርደን የሚባሉ ኦክቪል ከምትባል ከተማ የመጡ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከባለቤታቸው ጋር ይቀመጣሉ። ዓሣው ጣማቸውና ሁለተኛ ሰሃን አዘዙ። ማሪሴል ሰሃኑን ከነቢሉ ስታስቀምጥ ሰውየው ተነሱ።

«ይሄ ምንድን ነው? በዚህች መርከብ አምስት ጊዜ ተጉዣለሁ! እንደዚህ ያለ ስድብ አይቼ አላውቅም! አንቺን ነው የምጠይቀው! ይሄ ምንድን ነው?»

ማሪሴል ይቅርታ ትላለች፣ ሰውየው ይጮሃሉ፤ ደግማ ይቅርታ ትላለች፣ ሰውየው ደግመው ይጮሃሉ። የአስተናጋጆቹ ሱፐርቫይዘር በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ አልመጣም። እትዬ ብርቅዬ የሚሆነው ገብቷቸው በጠረጴዛው ሥር የጓደኛቸውን ቀሚስ ያዙ። አልጠቀማቸውም፤ እትዬ ሥርጉት ተነስተው በሁለቱ መካከል ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ይቺን ወረቀት እሷ ናት ያወጣቻት?»

«የምታስተናግደኝ እሷ ናት!»

«ሰሃኑን ተሸክማ የምታመጣልዎ እሷ ናት። ዋጋ የቆረጠው፣ ዳቦውን ያነሳው፣ ሰው የቀነሰው ሌላ ነው። በእሱ ላይ መጮህ ከፈለጉ አብሬዎት እጮሃለሁ። የእኔ ድምፅ ደግሞ ከእርስዎ ይበልጣል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሚስተር ጎርደን ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ተናገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አይታወቅም፤ ሰውየው ግን ምሳው ሲያልቅ ማሪሴልን ፈልገው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያም እትዬ ሥርጉት ወዳሉበት መጥተው እንደ ተማሪ ቆሙ።

«እሺ። በማን ላይ ነው የምንጮኸው?»

«መጀመሪያ አንጮህም። መጀመሪያ እንጽፋለን» አሉ እትዬ ሥርጉት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርከቧ በወንዙ ደሴቶች መካከል ስታልፍ፣ ሌላው ሰው ፎቶ ሲያነሳ፣ ሃያ የሚሆኑ መንገደኞች መጻሕፍት ያሉባት ትንሽ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁሉም የየራሱን ቅሬታ ያነሳል። አንዱ ስለ ፎጣ፣ አንዱ ስለ ወይን፣ አንዱ ስለ ሙዚቃው። ሚስተር ጎርደን የተባለውን ሁሉ ሲጽፉ ሁለት ገጽ ሞላ።

«ሁለት ገጽ ማንም አያነብም» አሉ እትዬ ሥርጉት። «ሦስት ነገር ብቻ። ቸኮሌቱን ተዉት።»

«ቸኮሌቱን አልተውም» አሉ አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት።

ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ቸኮሌቱ ቀረ፣ አሮጊቷም አኮረፉ፤ ግን ፈረሙ። ሦስቱ ነገሮች እነዚህ ነበሩ፤ አንደኛ፣ ሲመዘገቡ ቃል የተገባላቸው ሰዎች የጾምም ሆነ የሕመም ምግባቸው በአግባቡ እንዲሠራላቸው። ሁለተኛ፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ አስተናጋጅ እንዲጨመር። ሦስተኛ፣ ዳቦው እንዲመለስና የሁለተኛ ሰሃን ክፍያ እንዲቀር።

እትዬ ሥርጉት ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ማሪሴል ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ግራ ቀኝ አየች።

«ማም፣ ስለ ዛሬው አመሰግናለሁ። ግን እባክዎ ስሜን እንዳይጽፉ። ስንት ጠረጴዛ እንደያዝኩም አይጻፍ። እኔ የነገርኳችሁ ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ወደብ አውርደው ወደ አገሬ ሊልኩኝ ይችላሉ።»

እትዬ ሥርጉት ይሄንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ሆቴሉ ውስጥ ዘርይሁን የሚባል ሰሃን አጣቢ ነበር። የማጠቢያው ኬሚካል እጁን ልጦት ጓንት ይሰጠን ብሎ ለእሳቸው በሹክሹክታ ነገራቸው። እሳቸው ያኔ ገና አዲስ ተወካይ ነበሩ፤ በድፍረታቸው ኮርተው በአለቆቹ ፊት «የዘርይሁንን እጅ ኑና እዩ!» አሉ። ጓንቱ ተገዛ። የዘርይሁን ሽፍት ግን በየሳምንቱ እያነሰ ሄዶ በሁለተኛው ወር ጨርሶ ጠፋ። ዩኒየኑ ቢከራከርም ሊያስመልሰው አልቻለም።

«አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ስለዚህ ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። የሠራተኛ ስም አልገባበትም፤ ከሠራተኛ ካልሆነ በቀር የማይታወቅ ቁጥርም አልገባበትም። መንገደኛው ቁጭ ብሎ በዓይኑ ያየው ብቻ ተጻፈ። መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈረመ። እትዬ ብርቅዬ አልፈረሙም። «እኔ ስሜን የትም ማስፈር አልወድም፤ ደርግ ያስተማረኝ ነው» አሉ። እትዬ ሥርጉትም አልተጫኗቸውም።

ሐሙስ ማታ ወረቀቱን ለመርከቡ ማናጀር አስገቡ። ዓርብ ጠዋት ማናጀሩ ሁለቱን ሴቶች ቢሮው ጠራቸው። ክራቫት ያሰረ፣ ጥርሱ የነጣ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ወንበር ሳበላቸው።

«ስለ ምግቡ በጣም አዝናለሁ። ለእናንተ ለሁለታችሁ ላይኛው ፎቅ ላይ በረንዳ ያለው ክፍል አዘጋጅቻለሁ። እስከ ጉዞው መጨረሻ ደግሞ የግል ሼፍ የፈለጋችሁትን ይሠራላችኋል። ከክፍያ ነጻ ነው።»

እትዬ ብርቅዬ ልባቸው ዘለለ። «እውነቱን ልንገርህ» አሉኝ፣ «በረንዳው ላይ ሆኜ ወንዙን ሳይ ታየኝ። ተቀበዪ፣ ተቀበዪ እያልኩ በእግሬ ጎሸምኳት።»

እትዬ ሥርጉት ግን በሆቴል ዘመናቸው እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል። የቀን ሽፍት ልስጥሽ፣ ሱፐርቫይዘር ላድርግሽ ተብለዋል።

«ለመቶ ስልሳውም ሰው በረንዳ አለዎት?» አሉት።

«እንደዚያማ አይቻልም።»

«እንግዲያው ለእኔም አይቻልም። እኔ ክፍሌ ተመችቶኛል። የጠየቅንዎ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።»

ሰውየው ፈገግታውን ሰበሰበ። «ይሄ ዋና መሥሪያ ቤት የወሰነው ነው። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ስልክ አለዎት አይደል? ይደውሉላቸው። እኛ እስከ ራት ድረስ እንጠብቃለን።»

ሲወጡ እትዬ ብርቅዬ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። «አንቺ ሴት እልህሽ ይገድልሻል! በነጻ የመጣ በረንዳ!»

«በነጻ አይደለም ብርቅዬ። የሰዎቹን ፊርማ እንድንሸጥለት ነው የጠየቀን።»

ከማናጀሩ መልስ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሚስተር ጎርደንና ባለቤታቸው ከክፍል ክፍል እየዞሩ ከእትዬ ሥርጉት ጋር የተስማሙበትን ነገር ለሰው ተናገሩ። ራት ሲደርስ አዳራሹ ሞላ። ሰው ሁሉ በጊዜው መጣ፣ ለብሶና አጊጦ፤ አኮርፈው የነበሩት አሮጊት እንኳ የዕንቁ ሐብላቸውን አድርገው ነበር። ከዚያም እትዬ ሥርጉት ከፊታቸው ያለውን ባዶ ሰሃን አንስተው አፉን ወደ ታች ደፉት። ሚስተር ጎርደን ደፉ፣ ባለቤታቸው ደፉ፣ የሚቀጥለው ጠረጴዛ ደፋ። የሸክላው ድምፅ ከጥግ እስከ ጥግ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ሄደ። ማንም አልጮኸም፤ ያዘዘም የለም። አስተናጋጆቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆሙ። ማሪሴል ወለሉን ታያለች። የተደፋ ሰሃን ያለበትን ጠረጴዛ ማስተናገድ አይቻልም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእነሱ ነው የሚል ሊመጣ አይችልም። እትዬ ሥርጉት ይሄን መንገድ የመረጡት ለዚህ ነበር።

አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ማናጀሩ ገባ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየዞረ ያናግራል፤ ሰው በትሕትና ወረቀቱን ያሳየዋል። በመጨረሻ እነ እትዬ ሥርጉት ጠረጴዛ ደረሰና ከሁሉም ደካማዋን መረጠ። እትዬ ብርቅዬ ሰሃናቸውን አልደፉም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መጸለይ ብለው ተቀምጠዋል።

«እመቤቴ» አላቸው ጎንበስ ብሎ፣ «ለእርስዎ ብቻ የጾም ምግብ አሠርቻለሁ። በእንጉዳይ የተሠራ ሩዝ ነው፣ ትኩስ ነው። አሁኑኑ ይምጣልዎ?»

ሰው ሁሉ አያቸው። እትዬ ብርቅዬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው፣ ከዚያ ወዲያ ያገኙት ሻይ ብቻ ነበር። ሰሃኑን ሲያነሱ የሚሰጡት መሰለው፤ እጁንም ዘረጋ።

እሳቸው ግን ደፉት። ሊያስቀምጡት ሲሉ ከእጃቸው አምልጦ ኳ! ብሎ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

«ጠዋት ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር» አሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «አሁን ግን ለእኔ ብቻ አልፈልግም።»

እትዬ ሥርጉት እንደነገሩኝ፣ በአሥራ አምስት ዓመት የዩኒየን ተወካይነታቸው እንደዚያ ያለ ንግግር አልሰሙም። አዳራሹ አጨበጨበ። ማናጀሩ ወጥቶ ሄደ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። አሮጊቷ ርቧቸው ነበር፣ ሚስተር ጎርደን የስኳር በሽተኛ ናቸውና ባለቤታቸው ከቦርሳ ብስኩት አውጥተው በግድ አጎረሷቸው፤ ከዚያ በቀር ከቦታው የተነሳ ሰው የለም።

ሲመለስ ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር። ከዋና መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገሩን፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከ ጉዞው መጨረሻ የሁለተኛ ሰሃን ክፍያ መቅረቱን፣ ዳቦው እንደሚመለስ፣ ላይኛው ፎቅ ካለው ካፌ ሦስት አስተናጋጆች ወደ አዳራሹ እንደሚዛወሩ፣ ለጾመኞችና ለሕመምተኞች አንድ ኩክ እንደተመደበ አነበበ።

«ከዚህ ጉዞ በኋላስ?» አሉ እትዬ ሥርጉት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ።

«ስለዚያ ቃል መግባት አልችልም።»

«ይጻፍልኝ። ‹ቃል መግባት አልችልም› ያሉትም ይጻፍልኝ።»

ጻፈው፤ ፈረመበት። ከዚያ ወዲያ ነው ሰሃኖቹ ተመልሰው ቀና የተደረጉት። ለሁለቱ ሴቶች የምስር ወጥ ልሥራ ብሎ የተመደበው ኩክ ኢንተርኔት አይቶ ሞከረ፤ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ቀርቶ ውኃ ውኃ ይል ነበር። ጠርገው በሉት።

በሚቀጥሉት ቀናት ማሪሴል ሰባት ጠረጴዛ ያዘች። ስለሆነው ነገር ከእትዬ ሥርጉት ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም። ቶሮንቶ ወደብ ደርሰው ሲወርዱ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ደህና ሁኑ ይላሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም አብሮ ቆሟል። ማሪሴል እንደሌላው መንገደኛ ሁሉ እጃቸውን ጨበጠቻቸው። በጤናማው በግራ እጇ ነበር የጨበጠቻቸው፤ ቶሎም አልለቀቀችም።

ኅዳር ላይ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል፤ ከደብዳቤው ጋር ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን የቅናሽ ኩፖንና የመጪው ዓመት ብሮሹር ነበረበት። እትዬ ሥርጉት መነጽራቸውን አድርገው ብሮሹሩን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። ታች በደቃቅ ፊደል «አገልግሎቶች ያለ ማስታወቂያ ሊለወጡ ይችላሉ» ተብሎ ተጽፏል። በፊተኛው ብሮሹር ላይ የነበረው የዳቦ ቅርጫት ፎቶ ተነስቷል፤ በምትኩ የወንዙ ፎቶ ገብቷል።

ሐሴት ያን ዕለት እናቷ ቤት ነበረች። «ማሚ፣ ያው እነሱ ያሰቡትን አደረጉ። በቃ፣ ሌት ኢት ጎ። የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ እንልክሻለን።»

«ሌላ ቦታ ምን አለኝ?» አሉ። ኩፖኑን በፖስታው መልሰው ከተው ላዩ ላይ የኩባንያውን አድራሻ ጻፉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ኦክቪል፣ ለሚስተር ጎርደን ደወሉ።

እኔ ይሄን ስጽፍ ለመጪው መስከረም ሰማንያ አራት ሰዎች በዚያችው መርከብ፣ በዚያው ቀን ቦታ ይዘዋል። ማናጀሩ የፈረመበት ወረቀት ኮፒው በእያንዳንዳቸው እጅ ነው። እትዬ ብርቅዬ እንግሊዝኛ ትምህርት ጀምረዋል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ብሉር መንገድ አጠገብ ባለው ላይብረሪ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣

«አሁን ሰው ያዳምጠኛል። አጥርቼ ልናገር» አሉኝ።